የላቀች ድምፅ የነበረበት ካሴት

ጥር 3 ቀን 1975፣ ማክሰኞ

“በእስቴ ምድር አንድ የእህል ጉድጓድ ብታገኙ ጆሮዬን ቁረጡት!”

ዛሬ ፋንቱ ሻይ ቤት የሰማሁት ነው። ተናጋሪው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጓዴ። (ስሙ ጓዴ፣ ማዕረጉ ጓድ። እናቱ ዘመኑን አስቀድመው ያወቁ ይመስላል።) አጠገቡ ከደብረ ታቦር የመጣው ካድሬ ተቀምጧል። ጓድ ጓዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ፦ “እህል መቅበር ያያቶቻችን ሥራ ነበር። ዛሬ ገበሬው ነቅቷል። ለመንግሥት ኮታውን ያስገባል፣ የተረፈውን ይበላል።” ካድሬው ስኳሩን አማሰለ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ከአክብሮት ይመስለኛል።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ልማድ ሞተ ማለት ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ታሪክ ደግሞ ለጥናት ይመቻል... አይቆጣም፣ አይከስም።

የውድድሩ ሰርኩላር ከደረሰ ሳምንቱ። የአውራጃው ተማሪዎች የጥናት ውድድር። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ተማሪው አይጓዝም፤ ድምፁ ይጓዛል። ጥናቱን በካሴት አሥር ደቂቃ ተናግሮ ከጽሑፉ ጋር ይልካል። ካሴቱንም እነሱው ልከዋል፤ አንድ፣ ማሕተም የተመታበት። ያሸነፈ ደብረ ታቦር ማደሪያና ቀለብ ተሰጥቶት አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን ይማራል። የእኛ ትምህርት ቤት አሥረኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ያለው ይሻገራል፤ የሌለው ይመለሳል።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ላቀችን መረጥኩ። ሌሎቹ ጎበዞች እንደ መጽሐፍ ነው የሚናገሩት። እሷ እንደ ሰው ትናገራለች። እናቷ ማሚቴ ጠላ ሸጣ ነው የምታስተምራት። አሥረኛን ስትጨርስ አርብ ገበያ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ጨው ልትሸጥ ነው። ራሷ ነገረችኝ፤ ነገ ፀሐይ ነው እንደማለት አድርጋ።

“ርዕሱ የእህል ጉድጓድ በእስቴ” አልኳት።

“ጉድጓድ...”

“ምነው?”

“ሌላ ርዕስ የለም፣ ቲቸር? ስለ ሸማ ልሥራ? ስለ ንብ?”

“ስለ ንብ ሁሉም ይጽፋል።”

“ስለ ጉድጓድ ማንም የማይጽፈው ለምን ይመስልዎታል?”

“ስላላሰቡበት ነዋ!”

ትክ ብላ አየችኝ። በሐሳቡ ተገርማ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እንግዲህ እኔ የወገዳ ከተማ ልጅ ነኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ። ስለ እህል የማውቀው እንዴት እንደሚበላ ነው። ስለ ቀረው ዓለም የማውቀው ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት አለን፤ ሦስተኛው ቅጽ ብቻ፤ ከኤች እስከ ኬ። ጃፓንን ጠንቅቄ አውቃለሁ። እስቴ ግን በኢ ነው የሚጻፈው። ያ ቅጽ የለንም።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱን ከሩቅ ሸኘሁ። ጓድ ጓዴም ከሩቅ ይሸኝ ነበር። ሁለታችንም አልተያየንም።

ጥር 16፣ ሰኞ

ጠዋት ከአከራዬ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጋር ጭቅጭቅ። ሦስት ጆንያ ገብስ በአህያ መጥቶላቸው እኔ ክፍል ላስቀምጥ ይላሉ። የአበልጃቸው ነው አሉ።

“የእርስዎ ክፍል ምን ሆነ?”

“አይጥ አለ።”

“እኔ ጋስ አይጥ የለም?”

“አንተ ጋ መጽሐፍ አለልህ። እሱን ይበሉ።”

ተሸነፍኩ። ጆንያዎቹ ከአልጋዬና ከመስኮቱ መካከል ተደረደሩ። ለወንበር ያህል ይመቻሉ። አሁን አንደኛው ላይ ተቀምጬ ሌላው ላይ እጽፋለሁ። ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ላቀች መጣች። ቅዳሜ ሾላ አፋፍ ወርዳ የእናቷን አጎት አያ ቸኮልን ስታነጋግር ውላለች። አሥራ አራት ገጽ! አንብቤ አልጠገብኩም። ውሃ የማይተኛበት አፋፍ ይመረጣል፤ አፉ ሰው የሚያሳልፍ ብቻ፣ ሆዱ እንደ እንስራ ሰፊ። ግድግዳው በእበት ተለቅልቆ ውስጡ እሳት ይነድበታል። ገለባ ይነጠፋል። እህሉ ገብቶ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይገጠማል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ አፈር ይለብሳል። ላዩ ላይ ጎመን ይተከላል ወይም በሬ ይታሰራል። ሲከፈት ማንም ዘሎ አይገባም፤ የታፈነው አየር ይገድላል። መጀመሪያ የተለኮሰ ጭራሮ በገመድ ይወርዳል። ጭራሮው ከጠፋ ሰው አይወርድም። “ጉድጓድ መጀመሪያ ቂሙን ይተንፍስ” ይላሉ አያ ቸኮል።

ይህን የጻፈችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። በዚህ እጅ ጨው ሊመዘንበት!

አንድ ነገር ብቻ አረምኩ። “ይተከላል፣ ይታሰራል” ያለችውን ሁሉ “ይተከል ነበር፣ ይታሰር ነበር” አልኩት። ጓድ ጓዴ ቀርቷል ብሎ የለ?

ጥር 18፣ ረቡዕ

“አንድ አረጋዊ እንደነገሩኝ” ብላ ጽፋለች፤ አራት ቦታ። በቀይ ጻፍኩበት፦ ማን? የት? መቼ?

“ስማቸውን የግድ መጻፍ አለብኝ?”

“ምንጭ የሌለው ጥናት ተረት ነው።”

“ተረቱም ቢያሸንፍ ምን አለበት?”

“ላቀች።”

“እሺ ቲቸር... ግን አያቴ ማለት ናቸው እኮ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን እህል ከሳቸው ነው የሚመጣው።”

“ይበልጥ ጥሩ። ክብር ነው። ስማቸው ደብረ ታቦር ድረስ ይሰማል።”

“እሱን እኮ ነው የምልዎ...” አለችና ተወችው። ደብተሯን አጥፋ ወጣች።

በኋላ ራሴን በመስኮቱ መስታወት አየሁት። ፕሮፌሰር መስዬ ነበር።

ጥር 27

ልምምድ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀች። አሥር ነው የተፈቀደው። ምን ይውጣ? “ጎመኑ ይውጣ” አልኩ። “ጎመኑ ከወጣ ጉድጓዱ ይታያል” አለችኝ። ጎመኑ ተረፈ። የእኔ መግቢያ ወጣ።

ስሙ ገብቷል። የመንደሩም ስም። የዕድሜያቸውም።

የካቲት 4፣ ዓርብ

ቴፑ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። በከተማው ሱቅ ሁሉ ዞሬ የተገኘው አራት። አውቶቡሱ ካልመጣ ሌላ የለም አሉ። ሁለት አሮጌ ድንጋይ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን አወጣሁና ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ አይተው፣ “መምህር፣ ይሄ ደግሞ መቼ ይደርቅና ይፈጫል?” አሉ።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ቀዳን!

ባዶ ክፍል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ጋቢ። የመጀመሪያውን ሙከራ አውራ ዶሮ አበላሸው። ሁለተኛውን የመካነ ኢየሱስ ደወል። ሦስተኛው ላይ እኔ ራሴ ልስል ስል አፌን በእጄ አፈንኩ። ዐይኔ እንባ አቀረረ። እሷ አልቆመችም።

“ስሜ ላቀች አስማረ ይባላል...” ብላ ጀመረች፤ እስከ ስድስተኛው ደቂቃ የሚያስቆማት አልነበረም። የጭራሮው ነገር ላይ እኔም መምህርነቴን ረሳሁት። ከዚያ ምንጩ ጋ ደረሰች። ቆመች... አየችኝ። ቴፑ ይዞራል። ራሴን ነቅንቄ ቀጥይ አልኳት። “ይህን የነገሩኝ አቶ ቸኮል አድማሱ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ፣ የሾላ አፋፍ ገበሬ፣ ከቤታቸው በስተጀርባ ያለውን ጉድጓዳቸውንም አሳይተውኛል።” ድምፅዋ እዚያ ጋ ብቻ ዝቅ አለ። አሥር ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

አንድ ጊዜ መልሰን ሰማነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

“ይቺ እኔ ነኝ? እናቴን እኮ ነው የምትመስለው! ቲቸር፣ እናቴ አንዴ ትስማው? አሁን ልጥራት?”

“ድንጋዩ ያልቃል። ከደብረ ታቦር ሲመለስ ትሰማለች።”

“እሺ” አለች። ካሴቱን ያጠነጠነችው፣ አውጥታ ማኅደሩ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት። በሁለት እጇ ነው ያቀበለችኝ።

ጽሑፉ ይጠናቀቅ፤ የምንጩን ገጽ እኔ በእጄ እገለብጠዋለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ፋንቱ ሻይ ቤት። ካድሬው ተመልሷል። በጠራው ስብሰባ ላይ፣ ኮታው አልሞላም፣ እህል ተቀብሯል፣ የቀበረ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው ብሎ እንደተናገረ ሰማሁ። እህሉ ይወረሳል። ባለቤቱ ይታሰራል። ፍለጋው ከሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። ጓድ ጓዴ ከጎኑ ቆሞ ሲያጨበጭብ ነበር አሉ፤ ሁለት ጆሮው በቦታው ነው።

ፋንቱን በቀስታ ጠየቅኋት። “ጓድ ጓዴ ግን በእስቴ ጉድጓድ የለም ብሎ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

ብርጭቆውን እያጠበች ቀና አለች። “እኛስ መች ደንቁረን? ማን አጠገብ ተቀምጦ ነበር ያን ሲል?”

“...ካድሬው አጠገብ።”

“ታዲያ!” አለችና ብርጭቆውን ደፋችው። “ሰውየው ለካድሬው ነው የተናገረው። አንተ ለምን ወሰድከው?”

ለካ ያን ዕለት ዝም ያሉት ከአክብሮት አልነበረም። የአንድ መንደር ሰው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ሊቀመንበሩ ሲዋሽለት ነበር። ያልገባኝ እኔ ብቻ። የተማርኩት።

የካቲት 10፣ ሐሙስ

ሌላም አለ። ካድሬው ቅዳሜ ጠዋት በመኪናው ወደ ደብረ ታቦር ይመለሳል። ካሴቱንም የሚወስደው እሱ ነው። ከመውሰዱ በፊት ሊሰማው ይፈልጋል፤ “ይዘቱን ለማወቅ።” አያ ቸኮል አድማሱ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ሾላ አፋፍ፣ ከቤታቸው በስተጀርባ። ይዘቱ ይሄ ነው። በላቀች ድምፅ። በእኔ ቀይ ቀለም።

ምን ይደረግ?

ለላቀች ልንገራት? ብነግራት ተካፋይ አደርጋታለሁ። እውነት እሱ ነው ምክንያቱ? ወይስ “ልክ ነበርሽ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ” ማለት አቅቶኝ?

ስሙን ብቻ ላጥፋ? አራት ቦታ ነው ያለው። አራት ቦታ ድንገት ዝም የሚል ካሴት፣ እዚህ ጋ ምን ነበር ያሰኛል። ደግሞ ካድሬው የሚጠይቀው እኔን አይደለም፤ እሷን ነው።

እንደገና እንቅዳ? ድንጋይ የት አለ። አውቶቡሱ አልመጣም።

ሰባ አንድ ዓመት የሆናቸው ሰው እስር ቤት ወለል ላይ... ያላየኋቸውን ሰው ፊት ቀኑን ሙሉ ሳይ ዋልኩ። አንዳንዴ አባቴን ይመስላሉ።

የካቲት 11፣ ዓርብ

አጠፋሁት።

በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ መጋዘን ውስጥ። ካሴት ማጥፋት ጩኸት ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። የለውም። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጭኖ መቀመጥ ነው። ውጭ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ፊሽካ ይነፋል። እኔ አሥር ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ዝምታ ቀዳሁ። መሐል ላይ ሳልኩ። ባለፈው ቅዳሜ የዋጥኳት ሳል መሆኗ ነው።

ልሰማው ብል መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ተንፏቅቆ ቆመ። ድንጋዮቹ የቀራቸውን ጉልበት ለዝምታ ጨረሱት።

ስሙ ያለባቸውን ገጾች ሁሉ፣ የምንጩንም ገጽ፣ ከጽሑፉ ገንጥዬ እሳት ውስጥ ጨመርኩ። ያምር ነበር።

ነገ ምን እላታለሁ?

የካቲት 12፣ ቅዳሜ

በትክክል ልጽፈው። እዚህም ከዋሸሁ የት እውነት እናገራለሁ።

ጠዋት ላቀች ቀድማኝ ደርሳ በሩ ላይ ቆማለች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ። ድምፅዋ ነው የሚሄደው፣ እሷ ግን ተሠርታ መጣች።

“ካሴቱ ተበላሽቷል” አልኳት።

“ምን ሆኖ?”

“ጠፍቷል። ምንም የለበትም።”

እኔ ቴፑ ነው፣ አሮጌ ነው፣ በላው ልል ነበር። አዘጋጅቼው ነበር። ግን አፌን ሳልከፍት ፊቷ ተለወጠ።

“እኔ ነኝ” አለች። “ሳጠነጥነው... ቀዩን ነክቼዋለሁ ማለት ነው። ሁለቱ ተጠጋግተው ነው ያሉት። እኔ ነኝ፣ ቲቸር።”

አሁን ነበር መናገር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

“ምንም አይደለም” አልኳት።

ምንም አይደለም! ይቅር ባይነቴ ደግሞ! “በሰው ይደርሳል” ብዬም ጨመርኩበት። እጇን አየችው... ቀኝ እጇን፤ የሌላ ሰው ይመስል።

ከዚያ ካድሬው መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቸኩሎ ነበር። “የእስቴ ካሴት?” አለ። ተበላሸ አልኩ። “ጽሑፉ ብቻውን ተቀባይነት የለውም” አለ። አውቃለሁ አልኩ። ቅጽ አወጣ። ምክንያት የሚል ቦታ አለው። “በማን ጥፋት?” ሲል እኔን አላየኝም፣ እስክሪብቶውን ነው ያየው። እሷ ከኋላዬ፣ “በእኔ” አለች። “በተማሪዋ ስህተት” ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አዞረልኝ።

ፈረምኩ።

ሙሉ ስሜን፣ ከነአያቴ።

የካቲት 15

ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። መልሱን ታውቃለች፤ ከዐይኗ አያለሁ። ጠየቅኋት። ቆማ መለሰች፤ ልክ ነበር። ተቀመጠች።

ስለ ጃፓን አስተማርኩ።

የካቲት 22፣ ማክሰኞ

ፍለጋው ሾላ አፋፍ ገባ። ስምንት ሰው አካፋ ይዞ። ከአንድ ቤት ሁለት ኩንታል፣ ከሌላው አንድ ተኩል አወጡ፤ ሁለት ሰው አሰሩ። “የአያ ቸኮልስ?” ብዬ በቀጥታ መጠየቅ ፈራሁ። ዞሬ ዞሬ ፋንቱን ጠየቅኋት።

“አያ ቸኮል ጋ ምንም አላገኙም” አለች።

ዳኑ!

ወደ ቤት ስመለስ ሸክም የቀለለኝ ይመስል ተራመድኩ። እነሆ። ስሙ ቢሰማ ኖሮ ቀጥታ ሄደው ይቆፍሩ ነበር። አልተሰማም። የአንድ ሰው ዘር፣ የአንድ ሰው እርጅና ተረፈ። ከባድ ዋጋ ነው የተከፈለው፤ የከፈለችው ደግሞ ሳታውቅ ነው። ግን ተከፈለ፤ ዕቃው ተገኘ። አንድ ቀን እነግራታለሁ። ትረዳኛለች። ምናልባት ታመሰግነኝ ይሆናል።

(ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። ይቀመጥ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ማስታወሻ ይሆናል።)

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። ላቀች ከትምህርት በኋላ መምህራን ክፍል መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ስድስት ድንጋይ። አዲስ። አውቶቡሱ መጥቷል።

“ምንድን ነው?”

“ያባከንኩት ነው። እናቴ ናት የገዛችው። ለሌላ ልጅ ይሆናል ብላ ነው... ለከርሞ የሚወዳደር ካለ።”

“አልቀበልም ላቀች። ውሰጂው።”

“እናቴ ትቆጣለች። ‘መምህርሽ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረሽም፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል’ ነው የምትል።”

ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? አልጋዬ ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ በስድስት ተርታ። ሳያቸው ያዩኛል።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 7

አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 30

ፋሲካ። እትዬ ማንጠግቦሽ ዶሮ ሠርተው ጋበዙኝ። ጆንያው ላይ ተቀምጬ በላሁ። “ምነው መምህር፣ ጾሙ ሲፈታ አንተ ታሰርክ?” አሉኝ። ሆዴን አሞኝ ነው አልኳቸው። ውሸቱ ቀለለኝ... ይለመዳል።

ሰኔ 22፣ ረቡዕ

ትምህርት ተዘጋ። ላቀች አንደኛ ወጣች። ካርዷን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለች።

“ለከርሞ ወዴት ነው?” አልኳት፤ የማላውቅ ይመስል።

“አርብ ገበያ። ነገ ጠዋት ከነጋዴዎች ጋር እወርዳለሁ።” ከዚያ ሳቅ አለች። “ሚዛን ላይ ቀይ ቁልፍ የለም።”

አሁንም አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መልካም ጉዞ አልኳት። እሱም ሁለት ቃል ነው።

ሰኔ 25፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። ትናንት ነው ደህና አድርጎ የጣለው። ዛሬ ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ በሬን አንኳኩ። “ተነስ መምህር፣ ወንበርህን ልንወስድብህ ነው። አበልጄ መጥተዋል። ዘር ነው፤ ይዘራል።”

በሩ ላይ ሁለት አህያና አንድ ረጅም ሽማግሌ። ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። አባቴን አይመስሉም።

“ቸኮል እባላለሁ” አሉ። “የላቀች አያት ነኝ። የእናቷ አጎት።”

ምን እንዳልኩ አላውቅም። ይቀመጡ ያልኩ ይመስለኛል። የሚቀመጡበት የራሳቸው ገብስ ነበር። ተቀመጡበት።

“እርስዎ... ይሄ የእርስዎ ነው?”

“የሦስት ቤት ዘር ነው። የእኔ፣ የልጄ፣ የእህቴ። ይሄ ባይተርፍ ዘንድሮ መሬቱን ቆመን ማየት ነበር።” ጆንያውን መታ መታ አደረጉት። “ሲፈትሹ የኔን ጉድጓድ ነው መጀመሪያ የከፈቱት። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ወጣት ናቸው፣ ጭራሮ አውርዱ ብላቸው ሳቁብኝ። ባዶ ነበር። ገለባው ብቻ።”

“እንዴት... መቼ አወጡት?”

እትዬ ማንጠግቦሽን አዩ። እትዬ ማንጠግቦሽ እኔን።

“አትቀየም መምህር” አሉ አያ ቸኮል። “ልጅቱ ደብተር ይዛ መጥታ፣ ስንት ክንድ ነው፣ አፉ በምን ይገጠማል ስትለኝ፣ ማን ላከሽ አልኳት። አስተማሪዬ አለች። ልጄ ናት፣ አልደብቃትም፤ አሳየኋት፣ ነገርኳት። እሷን ከሸኘሁ በኋላ ግን፣ አስተማሪ የጠየቀውን ነገ ሌላ ይጠይቃል ብዬ አወጣሁት። የት ላድርገው ስል አበልጄ፣ እዚያው ጠያቂው ቤት አምጣው አለችኝ። የሚጠይቅ ሰው ቤት ማን ይጠይቃል?”

“እውነቴን ነው” አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። “ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አንተም ጭምር።”

ጆንያዎቹን አብሬ አወጣሁ። አንደኛው ላይ የቀለሜ ጠብታ አለበት። ሲጭኑ ሲጭኑ አያ ቸኮል መለስ አሉ።

“ያ የሚናገረው ዕቃ ላይ ልጅቱ ያጠፋችው ነገር አለ አሉ። እጇ ቸኩሎ ነው። አንተ ግን አልተቆጣሃትም፤ ነግራኛለች። እግዜር ይስጥህ።”

አህዮቹ ወረዱ። ክፍሉ ሰፋ። የምጽፈው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው።

ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ጆንያዎቹ የገቡት ጥር 16 ነው። የቀዳነው የካቲት 5። ያጠፋሁት የካቲት 11።